ኮሚቴ ያልጠራችበት ቀን

የሚሄድ ሰው አልወድም። መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ይውጣልኝ። የምሠራበት ቦታ ደግሞ ሰው ሊሄድ የሚመጣበት ቦታ ነው። ከባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ይመጣሉ፣ ቋንቋቸውን ለሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ያስተምራሉ፣ ገና ስንለምዳቸው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት እዚያው ግቢ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሕፃናት አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የበጎ ፈቃደኞቹ አጋር መምህር ነኝ። አጋር መምህር ማለት እነሱ ሲናገሩ ከጎን ቆሞ የሚተረጉም፣ ጠመኔ ሲያልቅ ጠመኔ የሚያመጣ ማለት ነው። ሲጠራ ግን ደስ ይላል።

ሲሄዱ ታዲያ ወግ አለው። አስተባባሪያችን ሽኝት ነፍሱ ነው። ኬክ ይታዘዛል፣ ወንበር ዙሪያውን ይደረደራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይለቀሳል፣ ያለቀሰው ሰው ፊቱን ጠርጎ እንደገና ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ እኔ ክፍሉን ስከፍት ማንም የለም። ጊታር ይጫወት የነበረው ልጅ የሄደ ጊዜ፣ በማግስቱ ብቅ ያለው ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሥጋ ሻጩ ብቻ ነበር። ደስታዬ! "ግባ፣ ግባ፣ ሌሎቹም እስኪመጡ እንጀምራለን" አልኩት። "አይ መምህርት፣ ጃንጥላዬን ረስቼ ነው" ብሎኝ አረፈው። ሰው ትምህርቱም ከአስተማሪው ጋር ሻንጣ ውስጥ የገባ ይመስለዋል መሰለኝ።

ከሚጠፉት አንዷ እናቴ ነበረች።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታ ነው ወንድሜንና እኔን ያሳደገችን። አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ እጇ ግን ጡረታ አልወጣም፣ ያገኘውን ያጥባል። ወንድሜ ውጭ ሄዶ እዚያው አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቷ የዚያን አገር ቋንቋ እንጂ የእኛን አትችልም። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውላሉ። ልጅቷ ስልኩ ውስጥ ትስቃለች፣ እናቴም ትስቃለች። ልጅቷ የሆነ ነገር ትላለች፣ እናቴ "እሰይ፣ እሰይ የኔ ማር" ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ወንድሜ ላስተርጉም ብሎ ሲገባ ልጅቷ ሰልችቷት ከፊቱ ትጠፋለች። ስልኩ ሲዘጋ እናቴ "ደህና ናት፣ ጉንጯ ሞልቷል" ትልና ጓዳ ገብታ የታጠበውን ብርጭቆ እንደ አዲስ ታጥባለች። ያን ጊዜ አንጀቴን ትበላዋለች።

አንድ እሑድ ወንድሜ ልጅቷን ለትምህርት ቤት እረፍት ይዟት እንደሚመጣ ነገረን። እናቴ ስልኩን እንኳ ሳታስቀምጥ "በቃ፣ ከልጅ ልጄ ጋር በራሴ አፍ ነው የማወራው" አለች።

"እኔ ቤት ውስጥ ላስተምርሻ" አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "አንቺ? ንፍጥሽን የጠረግኩልሽ ልጅ እኔን ልታስተምሪ? ደግሞ ስሳሳት ልትቆጪኝ ነው እኮ፤ አመልሽን አላውቀውም?"

አመሌስ እውነቷን ነው፣ ቶሎ ይሞቀኛል። ግን ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ጀምራ፣ አስተማሪው በሄደ ቁጥር ሁለቴም ትታዋለች። "መምህሬ ሄደ፣ ማን ያስተምረኛል?" ስትል እኔ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ጎን ቆሜ ስተረጉም የኖርኩት ሴትዮ፣ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር። ይኸው በሦስተኛው ተመለሰች። ይሄኛው ካልሆነላት ልጅቷ መጥታ፣ አያቷን እንደ ዕቃ አይታ ልትመለስ ነው። እሱ ነበር የሚያስጨንቀኝ።

በሦስተኛው የደረሰቻት አስተማሪ ደግሞ ኮሚቴ ናት።

ኮሚቴ ያልናት እኛ ነን። ትልቅ ሴት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ አገሯ ትንሽ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ ስታስተምር ፀጉሯ የሸበተ። ጉልበቷ ስለሚያማት የክፍላችንን ሁለት ደረጃ ስትወጣ ግድግዳውን ይዛ ነው። ክፍላችን ድሮ መጋዘን ነበር። አንዱ መስኮት መስታወቱ ወልቆ ካርቶን ተለጥፎበታል፣ ሰሌዳው መሃሉ ላይ ቀለሙ ስለሄደ እዚያ ጋ የተጻፈ ነገር ከኋላ አይታይም። ሌሎቹ ፈቃደኞች ሲመጡ ፎቶ አንስተውት ነበር። እሷ የመጀመሪያ ቀን ጨርቅ አርጥባ ሰሌዳውን አጠበችውና ቋንቋችንን እየሰባበረች "መስኮቱ ይከፈት? ይዘጋ? እጅ አውጡ" አለች። ሰዉ ተያየ። እስከ ዛሬ በመስኮት ጉዳይ ማን ጠይቆን ያውቃል? ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር በእጅ ማውጣት ሆነ፤ እረፍት አሁን ይሁን ቆይቶ፣ ዛሬ ንባብ ይሁን ንግግር፣ መብራቱ ይብራ አይብራ። ከተማሪዎቹ ፀጉር ሠሪዋ ናት "እትዬ ኮሚቴ" ብላ የጀመረችው። ትርጉሙ ሲነገራት በሳቅ ፈረሰች። ስሙ ይጽደቅ ወይስ አይጽደቅ ብላ እጅ አስወጣች፣ ጸደቀ።

"አንቺ ትሉኛላችሁ ወይስ እርስዎ?" ብላም ጠይቃ ነበር። ሁሉም እርስዎ አለ። እኔ ብቻ አንቺ ብዬ እጄን አወጣሁ፤ ለነገር ነው እንጂ ለፍቅር አልነበረም። ለሚሄድ ሰው አንቱታ አላባክንም ብዬ ነው። ተሸነፍኩ፣ ግን አንቺ ማለቱን አልተውኩትም። እሷም ወደደችልኝ።

እናቴና ኮሚቴ ለመግባባት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በእረፍት ሰዓት ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያነጻጽራሉ። አንዷ "ይሄ" ብላ ትጫነዋለች፣ ሌላዋ "ኡፍ" ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ፤ በዚያው በመሃላቸው እርስዎ መባባሉ ቀረ። እናቴ "መምህር" የምትለው እሷን ብቻ ነው። እኔን? እኔን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ሚጡ" ነው የምትለኝ። "ሚጡ፣ ጠመኔው ልብስሽን አበላሸው" ትለኛለች ትምህርት መሃል። ሥጋ ሻጩ ፊቱን ደብተሩ ውስጥ ቀብሮ ይስቃል። ከክፍል ውጪ መምህርት ሚጡ እንደሚሉኝ የማላውቅ መስሏቸዋል።

እናም የወንበሩ ነገር መጣ።

ኮሚቴ መጀመሪያ ከሰሌዳው ፊት ነበር የምትቆመው፣ እኔ ከጎን። አንድ ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ ብላ ወንበር አምጥታ በሩ ጋ ተቀመጠችና "ዛሬ አንቺ ጀምሪው" አለችኝ። እሺ፣ ያማታል ብዬ ጀመርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሯ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከዚያ ተማሪዎቹ መሃል ገባ፣ ፀጉር ሠሪዋ ጎን። ከዚያ ደግሞ ኋላ፣ ከእናቴ አጠገብ አረፈ። ደብተር ከፍታ እንደ ተማሪ ትጽፋለች። ስናነብ አብራ ታነባለች፣ የራሷን ቋንቋ! እኔ ፊት ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እለፈልፋለሁ፤ እናቴ እኔ የጠየቅኩትን ዞር ብላ እሷን ትጠይቃለች። "መምህር፣ ልጅቷ ምን አለች?" ልጅቷ እኔ መሆኔ ነው። ኮሚቴ ደግሞ ትከሻዋን ነቅንቃ "እኔም ተማሪ ነኝ፣ መምህርን ጠይቂ" ትላታለች። እናቴ እኔን አትጠይቅም። ከኮሚቴ ደብተር ላይ ትኮርጃለች።

"እናንተ ኋላ ያላችሁ!" ብዬ ጮህኩባቸው አንድ ቀን። የሁለቱ ዕድሜ ቢደመር የግቢውን ግንብ ይበልጣል። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

እኔ ግን ሳቅ አልነበረም የታየኝ። ደሜ ነው የፈላው። ይቺ ሴትዮ ጡረታዋን እኔ ክፍል ውስጥ ልታሳልፍ መጣች እንዴ? ትምህርት አለቀና መምህራን ማረፊያ ሻይዋን ይዛ ስትገባ በሩን ዘጋሁት።

"ደክሞሽ ከሆነ ደክሞኛል በይ። ሁለት ሰው የተመደበበትን ሥራ እኔ ላይ ጥለሽ ከእናቴ ጋር ማሾክሾክ ግን ምን ይባላል?"

ሻይዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "ዛሬ ስታስተምሪ ስንት ሰው ወደ እኔ ዞረ?" አለችኝ።

አሰብኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ይዞር ነበር፣ እኔ የተናገርኩት ልክ መሆኑን ሊያረጋግጥ። ዛሬ ግን ሥጋ ሻጩ አልዞረም። ፀጉር ሠሪዋም አልዞረችም።

"እናቴ ብቻ" አልኳት።

"እናትሽ ብቻ። እሷም ትተወዋለች።" ከዚያ ጉልበቷን እያሸች፣ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋትና ወሩ ሲያልቅ እንደምትሄድ ነገረችኝ። "የጃንጥላውን ነገር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ከፊት ተነስቼ ብሄድ ክፍሉ ይበተናል። ኬክም ንግግርም አልፈልግም። ቀኑንም ለማንም አትንገሪ።"

ያን ጊዜ ምን እንዳናደደኝ አላውቅም። "ቆይ" አልኳት፣ "መስኮት ለመክፈት እጅ የምታስወጪ ሴትዮ፣ ይሄን ሲሆን ለምን ለብቻሽ ወሰንሽ? የታለ ኮሚቴሽ?"

"ብጠይቃቸው ይቅሩ ይሉኛል" አለች። "አንቺም እጅሽን ታወጫለሽ።"

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ዓይኔን እንዳታይብኝ ነው። አልወዳትም ብዬ ለራሴ የማልኩት መሃላ መቼ እንደፈረሰ እንኳ አላስታውስም።

አስተባባሪው ያለ ኬክ ሽኝት ሲባል ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ለምኜም ተቆጥቼም ዝም አስባልኩት። መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ከምታርፍበት ቤት እንደሚወስዳት ተስማማን። እኔም ቅዳሜ ሄጄ ልሸኛት ነው። የምላትንም አዘጋጅቻለሁ፣ በእሷ ቋንቋ። እኔ ለሰው የሚጣፍጥ ነገር መናገር አልችልበትም፤ የሚቆጠቁጥ ነው የሚቀናኝ። ስለዚህ መኝታ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ አጠናሁት። ከጎን አውጥተሽ ፊት አቆምሽኝ የሚል አለበት። ስለ አንቺታውም ይቅርታ የሚል አለበት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፄ እየተሰበረብኝ ደጋግሜ ነው የጀመርኩት።

ዓርብ ክፍል ገባን። ኮሚቴ እንደ ልማዷ ኋላ፣ ከእናቴ ጎን። የዕለቱ ትምህርት ነገ ስለምናደርገው ነገር መናገር ነበር። ነገ ገበያ እሄዳለሁ፣ ነገ እንግዳ እቀበላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ያቺ ቀለሟ የሄደ ቦታ ጋ ስደርስ እንዲጎላ ጠመኔውን እየተጫንኩ ነው። ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ሹክሹክታም ነበር። እናቴ ናት፣ ዛሬስ አልለቃትም ብዬ ጽሑፌን ቀጠልኩ። ቀዝቃዛ አየር ማጅራቴን ነካኝ፣ ቆየና ተወኝ።

"እትዬ ኮሚቴስ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ግቢው ውስጥ መኪና ሲነሳ ተሰማ፤ ያን ሞተሩ የሚያስነጥሰውን የአስተባባሪውን መኪና ደግሞ የማያውቅ የለም። ሁሉም ጭንቅላት ወደ መስኮቱ ሄደ። ኋላ እንደሰማሁት በረራው ተቀይሮ ኖሯል፣ አስተባባሪው መጥቶ በበሩ ስንጥቅ በእጁ ጠራት። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ነገር የለም። መሄዷን ብቻ ነው ያወቅኩት። የሸመደድኩት ሁሉ ከእኔ ጋር ቀረ፣ ጠመኔውም እጄ ላይ።

"ሄዱ እንዴ? ጭራሽ ሄዱ?" አለ ሥጋ ሻጩ። ብድግ አለ። እጁ ወደ ጃንጥላው ሄደ።

ያቺን ጃንጥላ ሳይ ሁሉም ነገር ታየኝ። ሰኞ በሩን ስከፍት፣ ባዶውን ክፍል፣ ከዚያም ልጅቷ መጥታ እናቴ "እሰይ፣ እሰይ" እያለች ስትቀር። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። አፌን ብከፍት ደግሞ የሚወጣው ለቅሶ ነው። እናቴን አየኋት። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ መያዣውን ጨብጣዋለች። ልትነሳ ነው አልኩ በልቤ።

ቦርሳዋን አንስታ በኮሚቴ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እስክሪብቶዋን ያዘች።

"መምህር!" ብላ ተጣራች።

ኮሚቴን መስሎኝ በሩን አየሁ። እናቴ ግን የምታየው እኔን ነው።

"መምህር፣ እስቲ ዞር በይልኝ። ሦስተኛው መስመር አልታየኝም።"

ሥጋ ሻጩ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ እናቴን አየ። ከዚያ ጃንጥላውን ከወንበሩ ሥር መልሶ ተቀመጠ። እኔም ዞር አልኩ። ሦስተኛውን መስመር አነበብኩት፣ ነገ እንግዳ እቀበላለሁ የሚለውን። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ። እናቴ ደገመችው። አንዷን ቃል ሳተች።

"እንደገና" አልኳት።

እንደገና አለችው። እስክታስተካክለው አስደገምኳት፤ አንድም ቀን አንድ ቃል ከእኔ ተቀብላ የማታውቅ ሴት ሳትቆጣ ደገመችልኝ። ከዚያ ፀጉር ሠሪዋ ቀጠለች፣ ከዚያ ሥጋ ሻጩ። ሲያልቅ "ሰኞ የቤት ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ" አልኩ። "እሺ መምህርት" አሉ። የቤት ሥራው ስለበዛ እያጉረመረሙ ወጡ፤ ማጉረምረማቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ጋራዡን አለፍን፣ ፋርማሲውን አለፍን። የተዘጋው ሱቅ ጋ ስንደርስ ነው እናቴ የተነፈሰችው።

"ወደ ሰሌዳው ልትመጣ ተነስታ ነበር" አለችኝ። "አቅፋሽ ልትሄድ። እኔ ነኝ ቀሚሷን ይዤ ሂጂ ያልኳት።"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "እማዬ! ምን ነካሽ? የምላት ነበረኝ እኮ!"

"አውቃለሁ። መስታወት ፊት ስታነበንቢ ሰምቼሻለሁ።"

"ታዲያ?"

"በሩ ላይ ቆማ ጀርባሽን አየችው። ብዙ ቆየች። እያለቀሰች ነው የወጣችው።"

"ታዲያ ለምን ከለከልሻት?" ጮህኩባት። መንገደኛ ዞሮ አየን።

እናቴ አልተቆጣችም። "ካቀፈችሽ ታለቅሻለሽ፣ አላውቅሽም እንዴ? ካለቀስሽ ደግሞ ልጄ ነሽ። ልጄ ፊቴ ቆማ ስታለቅስ እኔ ቁጭ ብዬ ልማር ነው? መጥቼ ዓይንሽን ጠርጌ፣ ይዤሽ ወደ ቤት ነበር። በቃ፣ ሁለተኛ መምህር ልልሽ አልችልም ነበር።"

ፊቴን ወደ ተዘጋው ሱቅ አዞርኩ። እናቴ የዚያን ሁሉ ዘመን አንሶላ ባጠበው እጇ አንገቴን ስባ፣ ፊቴን ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው። የሻርፗን ጫፍም አወጣች።

"ነይ ሚጡዬ" አለችኝ። "አሁን አልቅሺ፤ ትምህርት አልቋል።"